ቀፎና ዛፍ፦ የሃረና ደን የንብ አያያዝ ታሪክ

ከጎባ ከተማ ተነሥቶ የሳነቴን አምባ የሚያቋርጠው መንገድ፣ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ብርዳም ሜዳ ጠርዝ ደርሶ ወደ ደቡብ ሲያቆለቁል የሚገባበት ደን ሃረና ይባላል። ደኑ ከላይ በአስታ ቁጥቋጦ ይጀምርና በኮሶና በቀርከሃ፣ ዝቅ ሲልም በዝግባ፣ በዶቅማና በዋንዛ በኩል አልፎ የዱር ቡና እስከሚበቅልበት ሞቃት ክፍል ድረስ የሚወርድ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ከቀሩት ሰፋፊ የተፈጥሮ ደኖች አንዱ ነው። ስለዚህ አካባቢ የተጻፉ ሥራዎች በአመዛኙ የሚያተኩሩት በቀይ ቀበሮ፣ በደጋ አጋዘንና በቡና ላይ ነው፤ የአካባቢው ቤተሰቦች ለብዙ ትውልድ ሲንከባከቧት የኖሩት ንብ ግን የሚገባትን ያህል አልተጻፈላትም። ንብ ከቤት እንስሳት ሁሉ የምትለየው በነፃነቷ ነው፦ አትታሰርም፣ አትታገድም፣ የተሠራላት ቤት ካልተስማማት ትታው ትሄዳለች። በዚህም ምክንያት የሃረና ሰው የንቧ ባለቤት ሆኖ አያውቅም ማለት ይቻላል፤ የእሱ የሆነው ባዶው ቀፎ፣ ቀፎው የተሰቀለበት ዛፍና በዚያ ዛፍ ላይ የመውጣት መብት ነው። የአካባቢው የንብ አያያዝ ታሪክ በትክክል የሚነበበውም ከማሩ መጠን ይልቅ ይህ የዛፍ መብት እንዴት እንደጸና፣ መቼና በማን እንደተናጋ ሲጠየቅ ነው።

ሰውና ንብ በባሌ ተራሮች መቼ እንደተገናኙ በቁፋሮ ለማረጋገጥ ያስቸግራል፤ ማር አጥንት የለውምና። ፊንጫ ሃበራ በተባለው፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ በሚገኝ የአለት መጠለያ የተካሄደውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ጥናት፣ ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት በነበረው ዘመን በዚያ ብርድ ውስጥ ይኖሩ እንደነበር፣ የባሌን ግዙፍ ፍልፈል እየጠበሱ ይመገቡ እንደነበርና መሣሪያቸውን ከባልጩት፣ ማለትም ከእሳተ ገሞራ ከሚገኝ መስታወት መሰል ጥቁር ድንጋይ፣ ይሠሩ እንደነበር አሳይቷል። የፍልፈሉ አጥንትና የባልጩቱ ስብርባሪ በአመዱ መካከል ተርፈው ለተመራማሪ እጅ በቅተዋል፤ ማርና ሰም፣ ገመድና የእንጨት ዕቃ ግን ከደኑ እርጥበት ጋር ጠፊ ናቸው። ስለዚህ የዚህ ሙያ ታሪክ ጸሐፊ የሚደገፈው በመሣሪያው አሠራር፣ በልማዳዊው ሕግ፣ በግብር አከፋፈል ሥርዓትና በእንስሳት ጠባይ ላይ ነው።

ከእንስሳቱ መካከል አንዲት ወፍ በተለይ ትጠቀሳለች። ማር መሪ የምትባለው ይህች አፍሪካዊ ወፍ በዛፍ ጉድጓድ ወይም በአለት ስንጥቅ የተሠራ የንብ ጎጆ ካየች በኋላ ሰው ፈልጋ፣ እየጮኸችና ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ እየዘለለች ወደ ጎጆው ትመራዋለች፤ ሰውየው አጭሶና ጎጆውን ከፍቶ ማሩን ሲወስድ፣ እሷ የተረፈውን ሰምና እጩን ትመገባለች። እጭ ከእንቁላል የተፈለፈለውና ገና ክንፍና እግር ያላወጣው ትል መሰል የንብ ልጅ ነው። ኢሳክና ራየር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከባሌ ሕዝብ ጋር በቋንቋ አንድ በሆኑት የሰሜን ኬንያ ቦረናዎች ዘንድ ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ1989 ያሳተሙት ጥናት፣ ማር ፈላጊዎች ያለ ወፏ እርዳታ አንድ የንብ ጎጆ ለማግኘት በአማካይ 8.9 ሰዓት ሲወስድባቸው፣ ወፏ ስትመራቸው ግን 3.2 ሰዓት ብቻ እንደሚበቃቸው በቁጥር አስቀምጧል። እንዲህ ያለ ስምምነት በሰውና በዱር ወፍ መካከል እስኪጸና ድረስ እጅግ ረጅም ዘመን የሚጠይቅ በመሆኑ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ማር ፍለጋ ከእርሻም ከከብት እርባታም የቀደመ ተግባር መሆኑን ከማንኛውም የተቆፈረ ቅሪት በተሻለ ይመሰክራል።

ከማር ፍለጋ ወደ ንብ ማነብ የተደረገው ሽግግር የተፈጸመው ሰው ንቧን ፍለጋ መሄዱን ትቶ ንቧ የምትገባበትን ባዶ ቤት አዘጋጅቶ መጠበቅ ሲጀምር ነው። ይህ ቤት በአማርኛ ቀፎ፣ በአካባቢው ኦሮምኛ ጋጉራ ይባላል። በሃረና ሁለት ዓይነት አሠራር ጎን ለጎን ኖሯል። የመጀመሪያው ግንድ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ውስጡ ተቦርቡሮ፣ ሁለቱ ግማሾች ተመልሰው ተገጥመው የሚታሰሩበት ሲሆን፣ ክብደቱ የሚያስቸግር ቢሆንም ብዙ ዓመት ይቆያል። ሁለተኛው በሪራ መንደር ዙሪያ በሰፊው ከሚገኘው የደጋ ቀርከሃ የሚሠራ ነው፤ ቀርከሃው በቀጭኑ ተሰንጥቆ እንደ ረጅም በርሜል ይጎነጎናል፣ ከውስጥ በእበት ይመረጋል፣ ከውጭ ደግሞ ዝናቡን እንዲመልስ በቅጠልና በሣር ይሸፈናል። ቀርከሃው ለቀፎ ሠሪው ብቻ የተተወ አይደለም፤ በዚህ አካባቢና በአጎራባች ደጋማ ደኖች ብቻ የሚገኘው የባሌ ጦጣ ዋና ምግቡ የቀርከሃ ቅጠል ነው፤ ቀርከሃው ያለ ልክ ሲመነጠር የሚጎዳውም ከሰው በፊት ይህ እንስሳ ነው።

የተሠራው ቀፎ ባዶውን ሲሰቀል ንብ እንዲስብ መታጠን አለበት። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ሁሉ ለዚህ የሚመረጡት ሽታቸው የሚጥም ዕፀዋት ሲሆኑ፣ ወይራ ከሁሉም ይቀድማል፤ የወይራው ጭስ የእበቱን ሽታ ከማጥፋቱም በላይ ጥቃቅን ተባዮችን ያባርራል። ከዚያም ቀፎው በገመድ እየተጎተተ ከረጅም ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ይሰቀላል። ከፍታው የሚመረጠው በሁለት ምክንያት ነው፦ አንደኛ መንጋው፣ ማለትም ከአሮጌው ጎጆ ተከፍሎ ከአውራው ጋር የወጣው አዲስ የንብ ማኅበር፣ ከመሬት ይልቅ ከፍ ያለ ማረፊያ ይመርጣል፤ ሁለተኛ ደግሞ ማር የሚዘርፉ አውሬዎችና ጉንዳን በቀላሉ አይደርሱበትም። አውራ የሚባለው በልማድ የወንድ መጠሪያ ይዞ ቢኖርም፣ እንቁላል የምትጥለው እናት ንብ መሆኗ ታውቋል። በዙሪያዋ ያሉት በብዙ ሺሕ የሚቆጠሩ ሠራተኛ ንቦች ሁሉ ሴቶችና ልጆቿ ናቸው፤ ድንጉላ የሚባሉት ወንዶቹ ደግሞ ከርቢ በቀር ሌላ ሥራ የላቸውም።

በዚህ ነጥብ ላይ ስለ እጩ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ የቀፎው ሕይወት ሁሉ የሚሽከረከረው በእጩ ዙሪያ ነውና። አውራዋ በሰም በተሠራው ትንሽ ጓዳ ውስጥ የጣለችው እንቁላል በሦስት ቀን ገደማ ይፈለፈላል፤ እጩም በሠራተኞቹ እየተመገበ በሳምንት ባልሞላ ጊዜ ጓዳውን ሞልቶ ያድጋል፤ ከዚያም ጓዳው በሰም ክዳን ይታተምና እጩ በውስጡ ተለውጦ፣ እንቁላሉ ከተጣለ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ክንፍ ያላት ንብ ሆኖ ይወጣል። ንቦቹ ከአበባ የሚያመጡት ብናኝ በዋናነት ለእጩ የሚዘጋጅ ምግብ ሲሆን፣ ማሩ ደግሞ አበባ በሌለበት ወቅት ማኅበሩን የሚያቆይ ስንቅ ነው። ማር ቆራጭ፣ ማለትም ቀፎውን ከፍቶ የማሩን እንጀራ የሚያወጣ ሰው፣ የሚመዘነው በዚህ እውቀቱ ነው። ያልበሰለው ቆራጭ እንጀራውን ሁሉ ገልብጦ ያወጣል፣ እጩም ከማሩ ጋር ይጠፋል፣ ንቡም ይኮበልላል፤ የበሰለው ግን በጨለማ በጣቱ እየዳሰሰ የማሩን እንጀራ ከእጩ እንጀራ ይለያል፣ እጩንም በቦታው ትቶ ይወርዳል። ይህ ሙያ በመጽሐፍ የማይሰጥ፣ አባት ለልጁ ዛፍ ላይ አብሮት ወጥቶ በሌሊት ብቻ የሚያስተምረው በመሆኑ፣ ከቀፎው መሣሪያነት ይልቅ ሊደነቅ የሚገባው እሱ ነው።

ሥራው የቤተሰብ ሥራ ነው፤ ይሁን እንጂ እኩል የተከፋፈለ አልነበረም። ዛፍ መውጣት፣ ቀፎ መስቀልና ማር መቁረጥ የወንዶች ድርሻ ሆኖ ኖሯል፤ ሌሊት የሚመረጠውም ንቧ በጨለማ ስለማትበርና ብርዱ ጉልበቷን ስለሚቀንስ ነው። ወንዱ በጠፍር ወይም በገመድ እየታገዘ ግንዱን ሲወጣ፣ ከታች ያለው ችቦውንና ዕቃውን ያቀብላል። ማሩ ቤት ከገባ በኋላ ያለው ሥራ ግን በአብዛኛው የሴቶቹ ነው፦ መለየት፣ ማጣራት፣ በቅልና በእንስራ ማስቀመጥ፣ ለእንግዳ መበጥበጥ፣ ከቤት ፍጆታ የተረፈውንም ወደ ገበያ ማውጣት። ዛፉ ላይ ያልወጣች ሴት ከማሩ ሽያጭ ላይ የነበራት ሥልጣን ከቤት ቤት ይለያይ የነበረ ሲሆን፣ ወደ ኋላ እንደሚታየው ይህ ጉዳይ በቅርቡ ዘመን ከፍተኛ ትርጉም አግኝቷል።

የዛፍ መብት የሚባለው ልማድ በሃረና ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ቀፎ ሰቃዮች ሁሉ ዘንድ በየመልኩ ይገኛል። ይዘቱ በአጭሩ ይህ ነው፦ በአንድ ዛፍ ላይ መጀመሪያ ቀፎ የሰቀለ ሰው በዛፉ ላይ የመጠቀም ቅድሚያ አለው፤ መብቱም ለልጆቹ ይተላለፋል፤ ሌላ ሰው ያለ ፈቃዱ በዚያ ዛፍ ላይ ቀፎ መስቀልም ሆነ ዛፉን መቁረጥ አይችልም፤ በዛፉ ሥር ያለው ሣር ግን ለማንም ከብት ክፍት ነው። በዚህ አሠራር አንዱ መሬት በአንድ ጊዜ ለብዙ ሰዎች ያገለግላል፤ ከላይ የቀፎ ባለቤቱ፣ ከሥር ቡና ለቃሚው፣ በወቅቱ ደግሞ ጎዳንቱ በሚባለው ልማድ ከብቱን ከሰፈሩ አርቆ ወደ ደኑ ግጦሽ የሚነዳው እረኛ ይጠቀሙበታል። ጎዳንቱ የእርሻው ወይም የደረቁ ወቅት ሲገባ ከብቱን ወደ ሌላ የአየር ጠባይ አሻግሮ የማቆየት ጥንታዊ ሥርዓት ነው። እነዚህ መብቶች በወረቀት ሰፍረው አያውቁም፤ አለመግባባት ሲነሣም ጉዳዩ ወደ ሽማግሌዎች ይሄዳል።

ይህን ልማድ ከጥንታዊው የሮማ ሕግ ጋር ማነጻጸር ልዩነቱን ያጎላዋል። እ.ኤ.አ. በ533 በንጉሠ ነገሥት ዩስቲንያኖስ ዘመን የወጣው የሕግ ማስተማሪያ ንቦች በተፈጥሯቸው ዱር መሆናቸውን፣ በአንድ ሰው ዛፍ ላይ ያረፈ መንጋ ቀፎ ውስጥ እስካልገባ ድረስ የማንም አለመሆኑን፣ ከቀፎ የወጣ መንጋም የባለቤቱ ሆኖ የሚቆየው ከዓይኑ እስካልራቀና ሊከተለው እስከቻለ ድረስ ብቻ መሆኑን ይደነግጋል። በሮማው ሕግ የክርክሩ ጭብጥ ነፍሳቱ ራሳቸው ናቸው፤ ማን ያዛቸው፣ ማን ተከተላቸው የሚል ነው። የሃረናው ልማድ ግን መንጋውን ለመከተል አይጨነቅም፤ ደኑ በመንጋ የተሞላ በመሆኑ አንዱ ቢሄድ ሌላው ይመጣል፤ ብርቅ የሆነው ጥሩ ዛፍ ነው፤ ሕጉም የተሠራው ብርቅ በሆነው ነገር ላይ ነው። በዚህ ምክንያት ንብ ማነብና ዛፍ መጠበቅ የተለያዩ ሁለት ግዴታዎች ሳይሆኑ አንድ ሆነው ኖረዋል፤ ቀፎ ሰቃዩ ዛፉን የጠበቀው ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ የሚሰብክ አዋጅ ሰምቶ ሳይሆን የአባቱ ቅርስ ስለሆነ ነው።

የዛፉ ዋጋ በቁመቱ ብቻ አይለካም። ገተማ የሚባለው ዛፍ ሲያብብ የሚገኘው ማር ነጭና ወፍራም በመሆኑ በገበያ ተፈላጊ ነው፤ የግራዋ ማር ጠቆር ያለና ትንሽ ምሬት ያለው ሲሆን ለመድኃኒትነት የሚመርጡት ብዙዎች ናቸው፤ የብሳናና የዶቅማ አበባም ለንቦቹ ሰፊ ምግብ ይሰጣል። የዱር ቡናው ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ ለጥቂት ቀናት ብቻ ነጭ ለብሶ ያብባል፤ ንብም ከአበባው ምግቧን ስትወስድ የቡናውን ፍሬ ታበዛለች። ሬይንሃርድ ፊሽትልና አድማሱ አዲ እ.ኤ.አ. በ1994 ስለ ኢትዮጵያ የንብ ዕፀዋት ያሳተሙት መጽሐፍ የእነዚህን ዛፎች የአበባ ወቅትና ጥቅም በዝርዝር ያቀረበ ቀዳሚ ሥራ ሲሆን፣ የደን ነዋሪዎች በቃል ይዘውት የኖሩትን እውቀት ወደ ጽሑፍ ያመጣ በመሆኑ ምስጋና ይገባዋል።

የዛፍ መብቱን ከውጭ የነካው የመጀመሪያው ትልቅ ኃይል የግብር ሥርዓት ነበር። የአርሲ ኦሮሞ የዳግማዊ ምኒልክን ሠራዊት ለበርካታ ዓመታት ተቋቁሞ በ1870ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. ከተሸነፈ በኋላ፣ ባሌም በ1880ዎቹ በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ገባች፤ ጎባም የጦር ሰፈርና የአስተዳደር ማዕከል ሆነች። በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል በተዘረጋው ሥርዓት ገባሩ፣ ማለትም ለሹም ወይም ለወታደር የተመደበውና ግብርና ጉልበት የሚያቀርበው ገበሬ፣ ከሚከፍላቸው ነገሮች አንዱ ማር ነበር፤ መለኪያውም ጉንዶ የሚባለው የማር ዕቃ ነው። ማር እንዲህ የተፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ በቤተ መንግሥትና በመኳንንት ቤት የሚደረግ የግብር ድግስ ያለ ጠጅ አይታሰብም ነበር፣ ከማሩ የተለየው ሰም ደግሞ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ያስፈልግ፣ ወደ ውጭ አገርም ይሸጥ ነበር። ለቀፎ ሰቃዩ ግን ይህ ማለት፣ ማሩ ባይሞላም ግብሩ የማይቀርለት መሆኑ ነበር። ለንቡ ስንቅ የሚሆን ማር ትቶ የሚወርድ ሰው ለጉንዶው የሚጎድለውን ከየት እንደሚሞላ ሲያስብ፣ እጩን የመተው ጥበብ የሚፈተነው በዚያ ነው። አስገዳጅ ግብር የመልካም አያያዝ ጠላት መሆኑ በዚህ ሙያ ላይ እንደታየው በሌላ ላይ ታይቷል ለማለት ያስቸግራል።

በዚያው ዘመን በአካባቢው እየሰፋ የሄደው እስልምና የማሩን አጠቃቀም ለወጠው። ባሌ ከጥንት ጀምሮ የሼኽ ሑሴን መካነ መቃብር የሚገኝባት የእስልምና ማዕከል ብትሆንም፣ በደጋውና በደኑ የሚኖረው ሕዝብ በአብዛኛው የሰለመው በ19ኛውና በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። በኦሮምኛ ዳዲ የሚባለው ጠጅ ከብዙ ቤቶች እየወጣ፣ በምትኩ ማር በውኃ ተበጥብጦ ሳይፈላ የሚጠጣው ብርዝ፣ በአካባቢው ስሙ ቡልቡላ፣ የክብር መጠጥ ሆነ። በቁርኣን በንብ ስም የተሰየመው ምዕራፍ፣ ሱረቱል ነሕል፣ ንብ በተራሮች፣ በዛፎችና ሰዎች በሚሠሩላት መኖሪያ እንድትኖር መታዘዟን፣ ከሆዷ የሚወጣውም ለሰዎች ፈውስ መሆኑን ያስተምራል። ተራራ፣ ዛፍና ቀፎ በአንድ ቦታ በተገናኙበት በሃረና ይህ ትምህርት እንግዳ አልሆነም፤ ማርም ለአራስ፣ ለሕመምተኛና ለእንግዳ የሚቀርብ ፈውስነት ያለው ምግብ ሆኖ ቦታውን አጸና።

የገባር ሥርዓት ከጣሊያን ወረራ በኋላ ቀርቶ ግብሩ በገንዘብ ሲተካ፣ ሌላ ችግር ተከተለ። ቀላድ የሚባለው በገመድ መሬት የመለካት አሠራር በባሌ ተጠናክሮ በተካሄደባቸው በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ዓ.ም. መሬት በጋሻ ተቆጥሮ በባለቤት ስም ይመዘገብ ጀመር። ገመዱ ስፋትን ይለካል፤ በደን ውስጥ እዚህም እዚያም ተበታትነው የሚገኙ የአንድ ቤተሰብ የቀፎ ዛፎች ግን ስፋት የላቸውም፤ በመዝገቡም ቦታ አላገኙም። ያልተመዘገበ መሬት የመንግሥት ሆኖ ለሌላ ሊሰጥ ስለሚችል፣ የሽማግሌ ምስክርነት ብቻ ያለው መብት ዋጋውን አጣ። በ1952 ዓ.ም. ባሌ ከሐረርጌ ተለይታ ራሷን የቻለች ጠቅላይ ግዛት ከሆነች ከጥቂት ዓመታት በኋላ የተቀሰቀሰውና በዋቆ ጉቱ መሪነት ስሙ የገነነው፣ እስከ 1962 ዓ.ም. የዘለቀው ዐመፅ ዋነኛ መነሻዎቹ የመሬትና የግብር በደሎች ነበሩ። የየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ የገጠር መሬትን ሁሉ የሕዝብ ሲያደርግ የባለርስቶችን የበላይነት ቢያስወግድም፣ የቀፎ ዛፍን ጉዳይ ከነበረበት ዝምታ አላወጣውም። ከሶማሊያ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላ ባሌ የመንደር ምሥረታ ቀድሞ ከተጀመረባቸው ክፍላተ ሀገር አንዷ በመሆኗም፣ ተበታትኖ ይኖር የነበረው ሕዝብ ወደ ተሰባሰቡ መንደሮች ሲወሰድ፣ በዛፉና በቤቱ መካከል ያለው ርቀት ረዘመ፤ ባለቤቱ በየጊዜው የማይደርስበት ቀፎ ደግሞ ለሌባ የተጋለጠ ነው።

በ1970ዎቹ ዓ.ም. ጎባን በሳነቴና በሪራ በኩል ከዶሎ መና ጋር ያገናኘው መንገድ ማሩን ወደ ጎባና ወደ ሮቤ ገበያ አቀረበው፤ ከዚያ በፊት ያን ብርዳም አምባ በፈረስና በበቅሎ ማቋረጥ ግድ ነበር። መንገዱ ገበያ እንዳመጣ ሁሉ መጥረቢያና አዲስ ሰፋሪም አመጣ። በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሃረናን ሰፊ ክፍል በክልሉ ውስጥ ያካተተ ሲሆን፣ ወሰኑ በሕግ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2014፣ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ደግሞ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ነው። በፓርኩ ዓይን ቀፎ ሰቃዩ ሁለት መልክ አለው፤ ዛፍ የሚጠብቅ ነዋሪ ነው፣ ችቦ ይዞ ወደ ደን የሚገባ ሰውም ነው። በየካቲትና በመጋቢት 1992 ዓ.ም. ባሌንና ቦረናን ያዳረሰው፣ ከ100,000 ሔክታር በላይ የፈጀውና ከደቡብ አፍሪካ፣ ከጀርመንና ከአሜሪካ እሳት አጥፊዎች የመጡለት ታላቅ ቃጠሎ ሲነሣ፣ ከተጠረጠሩት ምክንያቶች አንዱ የማር ቆራጮች እሳት ነበር። ለእርሻና ለግጦሽ ሲባል ሆን ተብሎ የሚለቀቀው እሳት አብሮ እየታወቀ ጥፋቱን በንብ ሙያተኛው ላይ ብቻ መጫን ፍትሐዊ አይደለም፤ በገዛ ዛፉ ሥር እሳት የሚለቅ ሰው የገዛ ቅርሱን ያቃጥላልና። አደጋው የሚመጣው የዛፉ መብት በላላበት ቦታ፣ ባለቤት በሌለው ቀፎ ላይ በችኮላ ከሚቆርጥ እጅ ነው።

ሳይንሱ ወደዚህ ሙያ የገባው ዘግይቶ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. በሆለታ የተጀመረው የንብ ማዕከል የአገሪቱ የምርምር ዋና ስፍራ ሆኖ ቆይቷል። የኢትዮጵያ ንቦች ዝርያ ራሱ እስከ ቅርብ ጊዜ ሲያከራክር ኖሯል፦ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት በአምስት ንዑስ ዝርያዎች ሲከፍላቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ሌላ ጥናት የአገሪቱን ንቦች ከስሜን ተራሮች በተወሰደ ስም በአንድ ንዑስ ዝርያ ሰብስቧቸዋል። ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሁለት አዳዲስ ቀፎዎች ተስፋፍተዋል። የሽግግር ቀፎ የሚባለው፣ በኬንያ የተሠራው ዓይነት፣ ንቦቹ እንጀራቸውን ከላይ በተደረደሩ እንጨቶች ላይ እንዲሠሩ የሚያደርግ ሲሆን፣ ዘመናዊው ደግሞ ተነቅለው የሚመለሱ ፍሬሞች ያሉት ሣጥን ነው። ባህላዊው ቀፎ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ማር በአብዛኛው ከ10 ኪሎ ግራም በታች ሲሆን፣ በሚገባ የተያዘ ባለ ፍሬም ቀፎ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ግራም ይሰጣል። ከሁሉም በላይ ፍሬሙ የእጩን ክፍል ከማሩ ክፍል ስለሚለይ፣ ቀደም ሲል በጨለማ በጣት ብቻ ይታወቅ የነበረውን ልዩነት ለጀማሪም ግልጽ ያደርገዋል። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ መሆኗና እ.ኤ.አ. በ2008 ማሯ ወደ አውሮፓ ኅብረት እንዲገባ መፈቀዱ የእነዚህን ቀፎዎች መስፋፋት አፋጥኗል።

አዲሱ ቀፎ ሥራውን ከዛፍ ወደ ጓሮ ሲያወርደው የቤተሰቡን የሥራ ክፍፍልም ለወጠው። በልማድ ዛፍ የማትወጣው ሴት በጓሮዋ ያለውን ሣጥን ከፍታ ማየት፣ ማጨስ፣ መቁረጥና በራሷ ስም መሸጥ ችላለች፤ ልጆችም እንቁላሉ ወደ እጭ፣ እጩም ወደ ንብ ሲለወጥ ፍሬሙን አንሥተው ያያሉ። ይህ ለውጥ ያለ ማመንታት ሊደገፍ የሚገባው ነው። ከመሬት መቅረቡ ግን የራሱ ጠላት አለው። ትንሿ የቀፎ ጥንዚዛ ከሰሐራ በታች ያለው አፍሪካ ተወላጅ ስትሆን፣ እንቁላሏን በቀፎ ውስጥ ትጥላለች፤ እጮቿም በማሩ፣ በብናኙና በንቧ እጭ ውስጥ እየቦረቦሩ እንጀራውን ያበላሻሉ፤ ካደጉ በኋላም ወደ መሬት ወርደው አፈር ውስጥ ገብተው ይለወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ ፍሎሪዳ ስትገኝ በዚያ የነበሩትን የአውሮፓ ንቦች ክፉኛ ጎድታለች፤ የአፍሪካ ንቦች ግን ጥንዚዛዋን በቀፎው ጥግ በሙጫ አጥረው ያስሯታል፣ እጮቿንም እየለቀሙ ይጥላሉ፣ ነገሩ ከከፋም ቤቱን ትተው ይኮበልላሉ። ለጓሮ አናቢው መድኃኒቱ የቀፎውን ሥር ማጽዳት፣ ዙሪያውን በአመድ መጠበቅና ደካማውን የንብ ማኅበር ማጠናከር ነው።

በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ፋርም አፍሪካና ኤስ ኦ ኤስ ሳህል የተባሉት ድርጅቶች በባሌ ያስፋፉት አሳታፊ የደን አስተዳደር፣ በ2001 ዓ.ም. የተቋቋመው የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅት ተዋዋይ ሆኖበት፣ የደኑን ክፍሎች ከመንግሥት ጋር በጋራ እንዲያስተዳድሩ ለነዋሪ ማኅበራት ሰጥቷል። ውሉ የሚፈረመው በደን ክፍልና በማኅበር ስም በመሆኑ፣ የአንድ ቤተሰብ የቀፎ ዛፍ አሁንም በማኅበሩ የውስጥ መተዳደሪያ ደንብና በሽማግሌዎች ምስክርነት ላይ የተመሠረተ ነው፤ በቀላድ ዘመን የታየው ክፍተት እንዳይደገም ዛፎቹ በስምና በባለቤት ተዘርዝረው ከውሉ ጋር መያያዝ ይገባቸዋል። ይህ ለባህላዊው ቀፎ ባለቤት ብቻ የሚጠቅም ጉዳይ አይደለም። በአካባቢው ንብ ገበያ ላይ እንደ ከብት ተገዝታ ጓሮ የምትገባው አልፎ አልፎ ነው፤ ልማዱ በአበባ ወቅት ባዶ ባህላዊ ቀፎ ደን ውስጥ ሰቅሎ መንጋ ሲገባበት ማውረድና ወደ ሣጥኑ ማዛወር በመሆኑ፣ በሪራም ሆነ በዶሎ መና ጓሮ የተቀመጠው ባለ ፍሬም ቀፎ የመጀመሪያዋን አውራ የሚያገኘው ከሃረና ዛፍ ላይ ነው።